ቀረች

በማዳም ጀዋሪያ ቤት፣ በኮሪደሩ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ጦርነት ይካሄድ ነበር። በግራ በኩል ሐጂ ሳሎን ውስጥ ትራስ ተደግፈው የሚያዩት አለ፤ በቀኝ በኩል ማዳም መኝታ ቤቷ ተጋድማ የምታየው ሌላ አለ። ሁለቱም የመን ነው፣ ሁለቱም ዓረብኛ ነው። ነገር ግን በሳሎኑ ጦርነት ድል ያደረገው ወገን በመኝታ ቤቱ ጦርነት ድምጥማጡ ጠፍቷል። በመኝታ ቤቱ ሠላሳ ሰው ያለቀበት ሰፈር፣ በሳሎኑ ሕፃናት ኳስ ይራገጡበታል። የቤት ሠራተኛዋ ፀደይ የሻዩን ትሪ ይዛ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚያስፈልጋት አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በአሥራ ሁለት እርምጃ ውስጥ የሞተው ይነሣል፣ የተነሣው ይሞታል።

ባልና ሚስቱ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ጅቡቲ ነው። የሐጂ አያት ግን ከሰሜን የመን፣ የማዳም አባት ደግሞ ከዓደን የመጡ ናቸው። በ2007 መጋቢት የአውሮፕላኑ ድብደባ ሲጀመር ሁለቱ ለሦስት ቀን ተኳረፉ። በአራተኛው ቀን ሐጂ ሁለተኛ ቴሌቪዥን ገዝተው ገቡ። ትዳር በዚህ ተረፈ።

ፀደይን ዓረብኛ ማንም አላስተማራትም። ፊደሉን ከዱቄት ወተት ቆርቆሮና ከሻምፑ ጠርሙስ ላይ ለቀመችው፤ ቃሉን ከማዳም ስድብ፤ የቀረውን ከእነዚህ ሁለት ቴሌቪዥኖች። አርብ አርብ፣ የዕረፍት ቀኗ ሲሆን፣ ካርቲየ 7 ቢስ ወደሚባለው ሰፈር፣ ደብሪቱ ክፍል ትወርዳለች። ደብሪቱ ሹሩባ ሠሪ ናት፤ እዚያ ምንጣፍ ላይ የሚሰበሰቡት የሰው ቤት ሠራተኞች ሁሉ ከባሕሩ ማዶ አንድ ሰው አላቸው፤ ወይ እህት፣ ወይ ወንድም፣ ወይ «ባል ነው» የሚባል ነገር። ፀደይ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ጥያቄው ይመጣል፦

«ዛሬስ ምን አሉ?»

ያኔ ትነሣና ዜና አንባቢዎቹን አንድ በአንድ ታወጣቸዋለች። ከረባታሙን ስታስመስል አገጯን ትሰቅላለች፤ ባለ ቀይ ከንፈሯን ስታስመስል በሐዘን ዓይኗን ከድና ወዲያው ለማስታወቂያ ፈገግ ትላለች። «የፈረንሳዩ ጣቢያ ደግሞ» ትላለች፣ «ስለ የመን አንድ ደቂቃ ያዝንና ወደ ኳሱ ይሄዳል።» ሴቶቹ ይንከተከታሉ።

«ሁሉም ውሸታሞች ናቸው!» ትላለች ኑሪያ፣ ሁልጊዜ፣ ከሁሉ ቀድማ።

«ታዲያ ምን ያስጠይቅሻል?»

«ውሸታቸውን ለማወቅ ነዋ!»

«የቴሌቪዥኖቹ መብራት ከኛ አገር ነው የሚመጣው፤ ውሸቱን ራሳቸው ናቸው የሚያመርቱት» ትልና ትቀመጣለች ፀደይ፤ ራሷን ለደብሪቱ ጉልበት አስጠግታ። ደብሪቱን «እትዬ» ትላታለች፤ በማዕረግ ትጥራት እንጂ አንቺታውን ትታ አታውቅም። ደብሪቱም ይህን ችላዋለች፤ የዚህችን ልጅ አፍ ማን ይሞክራል?

የፀደይ ሰው ታናሽ እህቷ ስርጉት ነበረች። ስርጉት ዓደን ውስጥ በአንድ ሐኪም መኖሪያ ቤት ትሠራ ነበር። ሐኪሙና ቤተሰቡ ተኩሱ ሲቀርብ ቁልፉን እጇ ላይ ጥለው ወደ ገጠር ሸሹ። አንድ ሰኞ ደወለች።

«ሐሙስ ከሰዓት ወደ ጅቡቲ የሚነሣ ጀልባ አለ ይላሉ። ወደቡ ይመታል የሚሉም አሉ። አንቺ ዜና ትሰሚያለሽ፤ ልሂድ ወይስ በሩን ቆልፌ ልቀመጥ?»

«ስልኩን እንዳትዘጊው» አለች ፀደይ። ሻይ ያዘዛት ሰው የለም፤ እሷ ግን ትሪውን አነሣች። መኝታ ቤት ባለ ቀይ ከንፈሯ «ማንም ወደ ወደቡ እንዳይጠጋ» ትላለች። ሳሎን ከረባታሙ «ወደቡ ሰላም ነው፣ ሥራው ቀጥሏል» ይላል። ከኋላው በሚታየው ሥዕል አንድ የቀን ሠራተኛ የእንጨት ሣጥን ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል። ሁለቱም እንደሚዋሹ ፀደይ መቶ ጊዜ ተናግራለች። ነገር ግን የእህቷ የስልክ ሒሳብ እያለቀ ነው፣ ሰውየው ደግሞ ዳቦውን ሳይቸኩል ነው የሚያኝከው። ከረባታሙን አላመነችም፤ ዳቦውን አመነች።

«ሂጂ። ወደቡ ሰላም ነው።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ።»

ከዚያ በኋላ ስርጉት ስልኳን አላነሣችም። ሐሙስ አለፈ፤ አርብ አለፈ። ስልኩ በዓረብኛ «የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም» ይላል፤ ፀደይ ይህንንም አላመነችውም፣ ግን የሚለው ይኼንኑ ብቻ ነበር። አታለቅስም። ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ዓሣ ትከትፋለች። አንድ ቀን የፈላ ዘይት እጇ ላይ ተረጭቶ፣ ማዳም ስትጮህ ነው ያየችው።

ከዚያ ሐሙስ በኋላ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ማለት አርብ ነው፣ ለአዲስ ሹሩባ ራሷን ፈትታ፣ አበጥራ፣ በሻሽ ጠቅልላ ወደ ሰባት ቢስ ወረደች። ፀሐዩ ገና ከአራት ሰዓት በፊት አስፋልቱን አቅልጦታል። ደብሪቱ ክፍል ገባች። ጫማዋን አወለቀች። ማንም «ዛሬስ ምን አሉ?» አላለም።

ኑሪያ ተነሣች። ከአሥር ቀን በፊት በአንድ ሻሽ ተጣልተው «አፍሽ ይዘጋ» የተባባሉት ኑሪያ፣ ተነሥታ ከአየር ማራገቢያው ፊት ያለውን ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ እህቴ፣ እዚህ ነፋስ አለ።»

ፀደይ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እህቴ? አሞሻል እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ፀደይ ነፋሱ ፊት ተቀመጠች፤ ሻሿን ፈታችና ራሷን ወደ ደብሪቱ ጉልበት አስጠጋች። ጉልበቱ ሸሸ።

«ዛሬስ እጄን አሞኛል፤ አልሠራም» አለች ደብሪቱ። «ለሚቀጥለው ይሁንልሽ።»

ፀደይ ዞር ብላ ኑሪያን አየቻት። የራሷ ግራ ወገን ተሠርቶ አልቆ በቅባት ያብረቀርቃል፤ ቀኙ ተንጨባሯል፤ ሚዶው እንደ ተሰካ ነው። እጅ እንዲህ መሐል ላይ፣ አንድ ሰው በር ሲገባ፣ አይታመምም። እነሱ አገር ሐዘን የገባባት ሴት ራሷን ትፈታለች። መርዶ ለምትረዳ ሴት ደግሞ ማን ሹሩባ ይሠራል? ነገ ለሚፈታ ዛሬ ማን ይጎነጉናል?

«መቼ ነው?» አለች ፀደይ።

«ምኑ?»

«መርዶዬ።»

«ኧረ በስመ አብ! ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

«እጅሽ።»

ደብሪቱ ያን እጇን ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው። ከዚያ በኋላ መካድ አልሆነላትም። ለነገ ማለዳ ነው አለች፤ ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ወጉ፣ ሰው ተሰብስቦ። «ማዳም ጀዋሪያንም አስፈቅደናታል።» ፀደይ ትናንት ማዳም ቴሌቪዥኗን ድንገት አጥፍታ፣ ስሟን እንደ ልማዷ በዓረብኛ አጣማ፣ «ያ ፀዳይ፣ ቅዳሜንም ዕረፊ፣ ልጄ» ያለቻት ትዝ አላት። «ልጄ»! አምስት ዓመት ሙሉ «አንቺ» ስትላት የኖረች ሴት።

ሴቶቹ ልቅሶው ይመጣል ብለው ጠበቁ። አንዷ ውሃ ቀዳች። ፀደይ በደረቷ ውስጥ ፈለገች፤ ምንም አልነበረም። የዘጋ ሱቅ እንደ ማንኳኳት ነበር።

«ወሬ ሲነግሩሽ ሐሳብ ጨምሪበት ይባላል» አለች። «በዓይኑ በብረቱ ያየ ማን ነው?»

«ዋለልኝ ነው የሰማው።»

«ስለሰማ አልጠየቅኩሽም እትዬ፤ ያየውን ነው።»

ዋለልኝ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ያገራቸው ልጅ፣ ለፀደይ ከእናቷ በርበሬ የሚያደርስ። አሁን ዶራሌ ወደብ ኮንቴይነሩ እስኪጫንለት ተራ እየጠበቀ ነው። ፀደይ ደወለችና ሴቶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፈተችው።

«ዋለልኝ፣ እህቴ ሞታለች ብለሃል አሉ።»

ከማዶ የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«እነዚህ ሴቶች … ኧረ እንዲህ በስልክ አይነገርም፣ ፀዱዬ። ነውር ነው።»

«ነውሩን እኔ እወስደዋለሁ። ማን ነገረህ?»

«ይታገሱ የሚባል ልጅ ነው። በጀልባ ከዓደን የመጣ። መንገድ ላይ ‘እስከ ኮምቦልቻ አድርሰኝ’ ብሎ ለመነኝ። ስርጉት የምትባል የሐይቅ ልጅ ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ‘አብረን ነበርን፤ እሷማ ቀረች’ አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ይባላል? አንገቴን ደፋሁ። እሱም አንገቱን ደፋ።»

«ዋለልኝ፣ ስማኝ። ቀረች ሲል፣ ሞታ ቀረች ነው ወይስ ሳትሳፈር ቀረች?»

የሞተሩ ድምፅ ቆመ። ቁልፉን ያዞረው ይመስላል። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ደብሪቱ ከንፈሯን ነከሰች።

«አልጠየቅኩትም» አለ ዋለልኝ።

ፀደይ ስልኩን ዘጋች። «ያን ከረባታም ትሰድቡታላችሁ» አለች፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «እሱ ሲዋሽ ቢያንስ ሥዕል ያሳያል። እናንተ በአንዲት ቃል እህቴን ገድላችሁ፣ ቀን ቆርጣችሁ፣ ፈቃድ ጠይቃችሁ ጨረሳችሁ።»

«እኛ እኮ አንቺን ብለን—»

«ልጁ የት ነው?»

«ሃያብለ ሰፈር ነው ያለው፤ ዋለልኝ ነው ማደሪያ የፈለገለት» አለች ኑሪያ፤ ሚዶውን ከራሷ ነቅላ፣ ሻሿን ግማሽ ሹሩባዋ ላይ ጠምጥማ። «ቤቱን አውቀዋለሁ። ልምጣ?»

«ነፋስ እንዳይመታሽ።»

«ስደቢኝ፣ ስደቢኝ። ስትሰድቢኝ ይሻለኛል።»

ሚኒባሱ የበልበላን ዳገት ሽቅብ ያዘ። ከሹፌሩ ራስ በላይ ሬዲዮው በሶማሊኛ ስለ የመን ያወራል፤ ረዳቱ ዘጋውና ዘፈን ከፈተ። አንድ ሽማግሌ «ደግ አደረግክ» አሉት። ሃያብለ ከቆርቆሮና ከሣጥን እንጨት በተሠሩ ቤቶች መሐል ተሹለክልከው ይታገሱን አንድ አጥር ጥግ ሸሚዝ ሲያጥብ አገኙት። ሃያ ሦስት ቢሆነው ነው። ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቋል። ሴቶቹን ሲያይ ሸሚዙን እርጥቡን ለበሰው።

«የስርጉት እህት ነኝ» አለች ፀደይ።

«ፀደይ ነሽ? ዜና የምታውቂው?»

ፀደይ ጥያቄዋን ከመንገድ ጀምሮ አዘጋጅታ ነበር፤ እንደ ምስክር፣ አንድ በአንድ።

«ቀረች ብለሃል። ምን ማለትህ ነው?»

«ቀረች ነዋ። አልተሳፈረችም።»

ኑሪያ «አልሐምዱሊላህ!» ብላ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ፀደይ ቆማ ቀረች።

«ለምን?»

«ጀልባው ሞላ። ለእሷ ቦታ ነበራት፤ ከኔ ቀድማ ነው የደረሰችው። መጨረሻ ላይ አንዲት ጨቅላ የታቀፈች ሴት መጣች፤ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ስርጉት ወረደችላት። ‘አብደሻል ወይ?’ አልኳት። ሳቀች እኮ! ‘እህቴ ወደቡ ሰላም ነው ብላኛለች። ቴሌቪዥኑን ሁሉ አጣርታ ነው የምትናገረው። የነገው ይደርሰኛል’ አለችኝ።»

እርጥቡ ሸሚዝ እየተንጠባጠበ መሬቱን አራሰ። ፀደይ ጠብታውን አየችው።

«ከዚያ በኋላስ?»

«ሄድን። ስንለቅ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ዳቦ እየበላች ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከኋላችን ትልቅ ጭስ ተነሣ። አንዱ ወደቡ ነው አለ፤ አንዱ የለም፣ ከወደቡ ጀርባ ያለው የነዳጅ ማጠራቀሚያ ነው አለ። እህቴ፣ አልዋሽሽም፤ ከባሕር ላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው።»

«አንተስ የትኛው ይመስልሃል?»

«እኔ ያየሁት ጭስ ነው።»

ከመጋቢት ጀምሮ ወሬ ካወሩላት ሁሉ፣ ያላየውን አላየሁም ያለ የመጀመሪያው ሰው ይህ ልጅ ነበር። አመሰገነችው። ኑሪያ በመንገድ ሁሉ «አለች እኮ! አለች!» እያለች የፀደይን ክንድ ትወዘውዛለች። ፀደይ ግን ወደቡ ሰላም ነው ያለውን ድምፅ ትሰማ ነበር። ድምፁ የከረባታሙ አልነበረም። የራሷ ነበር።

ቤት ስትደርስ ሁለቱም ቴሌቪዥኖች ክፍት ነበሩ። ሻይ አላፈላችም። ባዶ እጇን ሳሎን ገባችና በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቀች።

«ሐጂ፣ ያለፈው ሳምንት ሐሙስ አይደለም፣ የዚያኛው ሐሙስ፣ የዓደን ወደብ ተመትቷል?»

ሐጂ ከትራሳቸው ቀና አሉ። «ውሸት ነው! አንዲት ድንጋይ አልወደቀበትም። የጠላት ወሬ ነው።»

አሥራ ሁለት እርምጃ ተራመደች።

«ማዳም፣ ያን ሐሙስ የዓደን ወደብ ተመትቷል?»

«ወላሂ ዶግ አመድ ሆኗል! ከወደቡ የተረፈ ሰው—» ማዳም የጠያቂዋን ፊት አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ያ ፀዳይ … እኔ የሰማሁትን ነው። እነሱም እኮ ያጋንናሉ።»

ኮሪደሩ መሐል፣ ስድስተኛው እርምጃ ላይ፣ ፀደይ ቆመች። ሐጂ እውነት ካሉ እህቷ አለች፤ ማዳም እውነት ካለች የለችም። ስትስቅባቸው ከከረመችው ከሁለቱ ውሸታሞች አንዱን ለማመን የሚከፈለውን ልታቀርብ ሞከረች፤ እንባ ቢሆን፣ እልልታ ቢሆን። አንዱም አልመጣም። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነበር፤ ግንባሯን አስደገፈችው። ከዚያ ሄዳ የምሳ ሰሐኖቹን አጠበች።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ራሷ ወደ ሰባት ቢስ ወረደች፤ ሰዎቹ እሷ ዘንድ እስኪመጡ አልጠበቀችም። ኑሪያ የሃያብለውን ነገር ትናንቱኑ አዳርሳዋለች። ቢሆንም ሁሉም ተሰብስበዋል፤ ለምን እንደመጡ ሳያውቁ፣ ላለመምጣትም ሳይደፍሩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ዋለልኝ ኮፍያውን አውልቆ በሩ ጥግ ቆሟል፤ መኪናው ተጭኖለት፣ በማለዳ መውጣት ሲገባው።

«ፀዱዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ።

«ለሚቀጥለው ስትሰማ ጠይቅ።»

ምንጣፉ ላይ ሄዳ ደብሪቱ እግር ሥር ተቀመጠች። ሻሿን ፈታች። ከትናንት ጀምሮ የተፈታው ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ወደቀ።

«ሥሪኝ፣ እትዬ።»



«ልጄ፣ ትንሽ ቆይተን አናይም?» አለች ደብሪቱ በቀስታ። «ነገሩ ሳይጣራ ሹሩባ … ኋላ ደግሞ መፍታት ቢመጣ … ሰውስ ምን ይላል?»

«ሞታለች የሚል በዓይኑ በብረቱ ያየ ይምጣ። ያኔ እፈታዋለሁ።»

«ታዲያ አለች ነው የምትዪው? የሐጂን አመንሽ?»

«ማንንም አላመንኩም። አለችም አላልኩም፤ እኔ ማለት ትቻለሁ። እሷ ግን ‘የነገው ይደርሰኛል’ ብላለች። ጀልባ በመጣ ቁጥር ወደብ ወርጄ እቆማለሁ። ተንጨባርሬ አትይኝም።»

ደብሪቱ ሴቶቹን አየች። የተዘቀዘቀውን ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችና ከጎኗ አስቀመጠችው፤ ጣቶቿን በቅባት አራሰች። ሚዶውን ከግንባር እስከ ማጅራት ስባ የመጀመሪያውን መስመር ከፈለች። መስመሩ ጠመመ፤ ደመሰሰችና እንደገና ከፈለች። ኑሪያም ሳትናገር መጥታ፣ ግማሽ ሹሩባዋን እንደያዘች፣ ተራ ጠባቂ ሆና ከጎኗ ተቀመጠች።

«ላላብኝ» አለች ፀደይ። «አጥብቂው፤ ይቆይልኝ።»

«ከዚህ በላይ ካጠበቅሁትማ ያምሻል።»

«አይሰማኝም፣ እትዬ። አጥብቂው።»